በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፦ የአንድ ፎርክሊፍት መገልበጥ የጉዳይ ጥናት

መስከረም 8 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1996) አሜሪካ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ የአንድ ድርጅት ፕሬዚዳንት በፎርክሊፍት (ከፊቱ ባሉት ሹካዎች ጭነት በሚያነሣ ማሽን) አደጋ ሞቱ። ዕድሜያቸው 43 ዓመት ነበር። ሾፌሩ ተቀምጦ የሚነዳውን ዓይነት ፎርክሊፍት ይዘው ከአንድ ጠፍጣፋ ተሳቢ ላይ የብረት ቱቦ በማውረድ ላይ ነበሩ። በተሳቢው ጎን በኩል የሄዱበት ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መሬቱ በኮንክሪት የተነጠፈና 3 በመቶ ያህል ተዳፋት ያለው ነበር። ከተሳቢው በስተኋላ ለመታጠፍ መሪውን ሲጠመዝዙ ማሽኑ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ፤ እሳቸውም ከመቀመጫቸው ዘለው ወረዱ። ፎርክሊፍቱ ተገልብጦ ሲወድቅ ከሾፌሩ ራስ በላይ የተሠራው የብረት መከለያ ራሳቸውንና አንገታቸውን ከኮንክሪቱ ጋር አጣብቆ ያዛቸው።

ከአደጋው በኋላ ማሽኑ ሲፈተሽ ሦስት ነገሮች ተገኙ። በቀኝ በኩል ያለው የኋላ አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) ማገጃ ከአደጋው በፊት ተጎድቶ ስለነበር፣ ማሽኑ ሲታጠፍ ወደ ጎን ማዘንበሉን አይገታም ነበር። መሪው ከመላላቱ የተነሣ ጎማዎቹ መዞር የሚጀምሩት መሪው ከግማሽ ዙር በላይ ከተጠመዘዘ በኋላ ነበር። የደህንነት ቀበቶ ደግሞ ጭራሹን አልተገጠመለትም።

ይህ ጉዳይ የተመዘገበው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም፣ ብዙዎች ናዮሽ እያሉ የሚጠሩት፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ስለ ፎርክሊፍት አደጋ ባወጣው ማሳሰቢያ ውስጥ ነው። ተቋሙ በሥራ ላይ የደረሱ ሞቶችን የሚመረምርበት የራሱ ፕሮግራም አለው። የፕሮግራሙ መርማሪዎች ሕግ አስከባሪዎች ስላልሆኑ ቅጣት አይጥሉም፤ ጥፋተኛውም እገሌ ነው ብለው አይደመድሙም። የሟቹም ሆነ የድርጅቱ ስም በዘገባው አይጠቀስም። በዚህ ምክንያት ዘገባዎቹ ከፍርድ ቤት መዝገብ የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ማን ይክፈል የሚለውን ክርክር ወደ ጎን ትተው የሆነው ነገር እንዴት ሊሆን እንደቻለ ብቻ ይናገራሉ።

በማሳሰቢያው ውስጥ ሌሎች የሞት ጉዳዮችም እያሉ ይህኛው ለዚህ ጥናት የተመረጠበት ምክንያት የሟቹ ሥልጣን ነው። የመጋዘንና የጭነት ሥራ አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚነሣው ክርክር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አሠሪው “ተነግሮታል፣ ሠልጥኗል፣ ጥንቃቄ የጎደለው እሱ ነው” ይላል። ሠራተኛው ወይም ቤተሰቡ ደግሞ “ማሽኑ የተበላሸ ነበር፣ አጣድፈውት ነው፣ አቤት ቢልም የሰማው የለም” ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም ክርክሩ አንዴ ከተጀመረ የአደጋው አካሄድ ራሱ ይረሳል። እዚህ ላይ ግን አዛዡና ታዛዡ አንድ ሰው ናቸው። ሟቹን ያጣደፋቸው አለቃ የለም፤ ማሽኑ ይጠገን ብለው ቢያዙ እምቢ የሚላቸውም አልነበረም። የተበላሸ ማሽን አውቀው ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጡ እንዳይባል በላዩ የተቀመጡት ራሳቸው ናቸው። የተለመደው ክርክር ከዚህ ጉዳይ ላይ ሲነሣ የሚቀረው ብረቱ፣ መሬቱና የሰው ልጅ ደመ ነፍስ ብቻ ነው።

ማሽኑ የሚቆምበት መሠረት

ፎርክሊፍት ከሩቅ ሲያዩት አራት ጎማ ያለው አጭር መኪና ይመስላል፤ አቋቋሙ ግን የመኪና አይደለም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከሻንሲው፣ ማለትም ከማሽኑ ዋና አካል፣ ጋር በጽኑ የታሰሩ ሲሆኑ፣ የኋላ አክስሉ ግን መሀሉ ላይ ባለ አንድ ፒን ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲወዛወዝ ሆኖ ይሠራል። እንዲህ የተደረገው ማሽኑ እንደ መኪና ባሌስትራም ሆነ ሞላ ስለሌለው፣ መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን አራቱም ጎማዎች መሬት መርገጣቸውን እንዲቀጥሉ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሾፌሮች በሥልጠና ላይ ሰምተው የሚረሱት ነው፦ ማሽኑ በጎማ ቆጠራ ባለ አራት ቢሆንም የሚደገፈው በሦስት ነጥብ፣ ማለትም በሁለቱ የፊት ጎማዎችና በኋላው ፒን ላይ ነው። በሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወደ ጎን የተንጠራራ ሰው የሚሆነውን የሚያውቅ ነገሩን አያጣውም። የማሽኑና የጭነቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስካለ ድረስ ማሽኑ ይቆማል፤ ከመስመሩ ሲወጣ መገልበጥ ይጀምራል።

የሦስት ማዕዘኑ ሰፊ ጎን ከፊት፣ ሹል ጫፉ ከኋላ ነው። በሹካዎቹ ላይ ጭነት ሲኖር የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት፣ ወደ ሰፊው ጎን ይሳባል። ጭነት ሳይኖር ሲቀር ግን ከኋላ ያለው የሚዛን ብረት ብቻውን ይቀርና ማዕከሉን ወደ ሹሉ ጫፍ፣ ማለትም ወደ ጠባቡ በኩል ይስበዋል። ስለዚህ “ባዶውን ነው፣ ምንም አይሆንም” የሚለው የብዙ ሾፌሮች አባባል ወደ ጎን መገልበጥን በተመለከተ እውነቱን ገልብጦ የያዘ ነው። ባዶ ፎርክሊፍት በፍጥነት ሲታጠፍ ጭነቱን ዝቅ አድርጎ ከያዘው ይልቅ በቀላሉ ወደ ጎን ይወድቃል። በባዶ ማሽን ደግሞ ሾፌሩ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

የአክስሉ መወዛወዝ ገደብ ከሌለው ማሽኑ ገና ትንሽ ሲያዘነብል ወደ ሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ይደርሳል። ለዚህ ነው አምራቾቹ በግራና በቀኝ ማገጃ የሚያበጁት። ሻንሲው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ከማገጃው ጋር ይገናኛል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በዚያ ጎን ያለው የኋላ ጎማ ሸክሙን መቀበል ይጀምራል፣ የማሽኑም መሠረት ከጠባቡ ሦስት ማዕዘን ወደ ሰፊው አራት ማዕዘን ይለወጣል። ማገጃው በሌላ አነጋገር የመጨረሻው መያዣ ነው። በዕለት ተዕለት ሥራ፣ በቀጥታ መስመርና በዝግታ ሲሄዱ ምንም ሥራ የለውም፤ ቢጎድልም ማሽኑ ያነሣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሥራው የሚጀምረው አደጋው ሲጀምር ነው። የሟቹ ፎርክሊፍት የቀኝ ማገጃ ከዚያ ቀን በፊት ተጎድቶ ሲኖር ማሽኑ ሥራውን ያላቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ቢነክስ፣ ዘይት ቢያፈስ፣ ሹካው አልነሣ ቢል ወዲያው መካኒክ ይጠራ ነበር፤ ሥራን የሚያስቆም ብልሽት ራሱ ይጮሃልና። ሰውን የሚገድለው ብልሽት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኛ ነው፤ ከሥር ጎንበስ ብሎ ያላየው ሰው መኖሩን አያውቅም።

በዚህ ላይ ተዳፋቱ አለ። 3 በመቶ ተዳፋት ማለት በ100 ሜትር ርቀት 3 ሜትር ከፍታ ማለት ነው፤ ለእግረኛ ለጥ ያለ ሜዳ ሊመስለው ይችላል። ማሽኑ ተዳፋቱን አቋርጦ ሲቆም ግን በአንድ ሜትር ወርድ ላይ አንደኛው ጎማ ከሌላው በ3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የክብደት ማዕከሉ ከፍ ባለ ቁጥር ይህች 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ጠርዙ የቀረውን ርቀት ታሳጥራለች። ከተሳቢው ጎን ወደ ተሳቢው ጀርባ የሚታጠፍ ማሽን ደግሞ ከተዳፋቱ ጋር ያለው አቅጣጫ በመታጠፊያው ውስጥ እየተለወጠ ይሄዳል።

የመሪውን ጉዳይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማዎቹ በመሆኑ ሾፌሩ መሪውን ትንሽ ሲጠመዝዝ ጀርባው በኃይል ወደ ውጭ ይወረወራል፤ በጠባብ መጋዘን መተላለፊያ ውስጥ እንዲሠራ የተፈጠረ ማሽን ነውና በጣም አጭር ዙር መዞር ይችላል። መሪው ከግማሽ ዙር በላይ ባዶውን የሚሄድ ሲሆን ሾፌሩ ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ፣ መታጠፍ በፈለገበት ቦታ ሳይሆን ትንሽ አልፎ ይታጠፋል፤ ያለፈውን ለማካካስ አብዝቶ ይጠመዝዛል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ መዞር ሲጀምር በድንገት ይጀምራል፤ እንደገና ለማቃናትም ያንኑ ባዶ ግማሽ ዙር መመለስ አለበት። ወደ ጎን ማዘንበል ሲጀምር መሪውን መልሶ ማቃናት ማሽኑን ሊያድን በሚችልበት በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ሾፌሩ የሚጠመዝዘው ምንም የማያንቀሳቅስ መሪ ነው ማለት ነው።

በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰውን የሚገድል አይመስልም፤ ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ጥቂት ይበልጣል። በሁለት ሜትር ራዲየስ ዙር ላይ ግን ይህ ፍጥነት የመሬት ስበትን ሩብ ያህል የሚሆን ኃይል ወደ ጎን ይፈጥራል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዙሩ በግማሽ ቢጠብ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። የመጋዘን ፍጥነት ገደብ በመኪና ዓይን ሲታይ የሚያስቅ የሚሆነው ይህ ስሌት ሲዘነጋ ነው። ጉዳዩን “በፍጥነት ነድቶ” ብሎ መዝጋት የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ ማገጃው ጤነኛ፣ መሪው ጥብቅ፣ መሬቱ ለጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ያው ፍጥነት ማንንም ላያሰጋ ይችል ነበር።

ዝላዩ

ማሽኑ መገልበጡ ብቻውን ሟቹን አልገደላቸውም። የገደላቸው ከመቀመጫቸው ወጥተው የመከለያው ብረት በሚያርፍበት ቦታ መገኘታቸው ነው። ይህ መከለያ የተሠራው ከላይ የሚወድቅ ሣጥን ወይም ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) ሾፌሩን እንዳይመታ ነው፤ ማሽኑ ቆሞ እስካለ ድረስም ያንን ሥራ በሚገባ ይሠራል። ማሽኑ ሲገለበጥ ግን የመከለያው ጠርዝ መሬት ላይ በኃይል የሚያርፍ ብረት ይሆናል። የናዮሽ ማሳሰቢያ እንደሚለው፣ ወድቆም ሆነ ዘሎ ከመቀመጫው የወጣን ሾፌር ራሱን ወይም ደረቱን የሚጨፈልቀው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው መከለያ ነው። 2.5 ቶን የሚያነሣ ተራ ፎርክሊፍት ራሱ ወደ 4 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ማስታወስ ይገባል።

ሰው ለምን ይዘላል? ማሽኑ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የሾፌሩም ሰውነት ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ የሚታየው መሬት፣ ክፍት የሆነው በርም በዚያው በኩል ነው። ወደ ተቃራኒው ጎን ለመዝለል ወደ ላይ መውጣት ይጠይቃል። ስለዚህ የሚዘል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለው ማሽኑ ወደሚወድቅበት በኩል ነው፤ ከማሽኑ ቀድሞ መሬት ላይ ይደርስና ማሽኑ ይደርስበታል። መገልበጡ ከተጀመረ በኋላ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ ሮጦ ማምለጥ የማይታሰብ ነው። ሥልጠናው የሚያዘው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ እግርን መወጠር፣ ማሽኑ ከሚወድቅበት ጎን ወደ ተቃራኒው ዘንበል ማለት፣ ከመቀመጫው አለመነሣት። ሾፌሩ ቆሞ የሚነዳውና ከኋላው ክፍት የሆነው ዓይነት ፎርክሊፍት ግን ከዚህ ይለያል፤ በእሱ ላይ ያለ ሾፌር ወደ ኋላ ረግጦ እንዲወርድ ነው የሚመከረው። አንድ መጋዘን ሁለቱንም ዓይነት በሚያሠራበት ጊዜ ይህ ልዩነት በቃል ብቻ ተነግሮ የሚታለፍ ሳይሆን በየማሽኑ ላይ ሊለማመዱት የሚገባ ነው።

ደመ ነፍስን በምክር ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ቀበቶ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በመኪና ውስጥ ቀበቶ የሚታሰረው ግጭት ሲደርስ ሰውየው ወደ ፊት እንዳይወረወር ነው፤ በፎርክሊፍት ላይ ዋናው ሥራው ሾፌሩ ራሱ እንዳይዘል ማድረግ ነው። ውሳኔውን ከዚያች ድንጋጤ ከተሞላች ቅጽበት አውጥቶ ሞተሩ ወደሚነሣበት የተረጋጋ ሰዓት ያመጣዋል። በአሜሪካ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምራቾች በአዳዲስ ፎርክሊፍቶች ላይ ሾፌሩን በመቀመጫው የሚይዝ መሣሪያ እንዲገጥሙ ይገደዱ ነበር፤ ለአሮጌዎቹም ብዙ አምራቾች በኋላ የሚገጠም ቀበቶ ያቀርቡ ነበር። አዲሱ ደንብ አዲሱን ማሽን ብቻ ስለሚይዝ በየግቢው ያለው አሮጌ ማሽን እንዳለ ይቀጥላል። ፎርክሊፍት ደግሞ በደህና ከተያዘ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግል፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ ንብረት ነው።

እዚህ ላይ የቀኖቹ መቀራረብ ትኩረት ይስባል። አደጋው ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1996 (እ.ኤ.አ.)፣ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ ማለትም ኦሻ፣ በፎርክሊፍት ላይ ቀበቶ ስለማሰር ለየክልል ኃላፊዎቹ የማስፈጸሚያ መመሪያ ጻፈ። ቀበቶ የተገጠመለትን ማሽን የሚነዳ ሠራተኛ ቀበቶውን ማሰሩን አሠሪው ማረጋገጥ እንዳለበት፣ ይህን የማያደርግ አሠሪም በሕጉ አጠቃላይ የጥንቃቄ ግዴታ መሠረት ሊጠየቅ እንደሚችል የሚያስረዳ ነበር። መመሪያው ከዚህ ሞት ጋር ግንኙነት አለው ለማለት አይደለም፤ ጉዳዩ በዚያን ወቅት በባለሙያዎቹ ዘንድ በደንብ የታወቀ እንደነበር ግን ያሳያል። የሾፌሮች ሥልጠና ደንብ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1998 ወጥቶ በማርች 1999 ሥራ ላይ ዋለ፤ ሾፌሩ በንድፈ ሐሳብና በተግባር እንዲሠለጥን፣ ችሎታውም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲመዘን ያዛል። ሥራ ላይ የሚውል ማሽን በየቀኑ እንዲፈተሽ፣ ጉድለት የተገኘበትም እስኪጠገን ከሥራ እንዲወጣ የሚያዘው ድንጋጌ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረ ነው።

ሌሎቹ ሞቶች

ናዮሽ በዚያው ማሳሰቢያ ከ1980 እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት በአሜሪካ 1,021 ሠራተኞች ከፎርክሊፍት ጋር በተያያዘ አደጋ መሞታቸውን ገልጿል። ከእነዚህ 22 በመቶው በመገልበጥ፣ 20 በመቶው በእግሩ የሚሄድ ሠራተኛ በፎርክሊፍት በመገጨቱ፣ 16 በመቶው በማሽኑ በመጨፍለቅ፣ 9 በመቶው ከማሽኑ ላይ በመውደቅ የደረሱ ናቸው። በዓመት ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች እንደሚሞቱና 20,000 የሚሆኑ ደግሞ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስባቸውም ይኸው ሰነድ ያስቀምጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያዩ፣ ለአንድ ሞት ወደ 200 የሚሆን ከባድ ጉዳት አለ ማለት ነው፤ የተጨፈለቀ እግር፣ የተሰበረ ዳሌ፣ የተቆረጠ ጣት፣ ዳግመኛ ከባድ ነገር የማያነሣ ወገብ። ሞቱ ይመረመራል፣ ይጻፋል፤ እግሩ የተጨፈለቀው ሰው ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕክምና ወረቀትና በካሳ ክፍያ ያበቃል።

የመጋዘን ሥራን በቅርብ ለሚያውቅ ሰው ከሁሉ የሚያስደነግጠው በማርች 1, 1995 (እ.ኤ.አ.) የደረሰው ነው። የ47 ዓመት ምክትል የመጋዘን ኃላፊ ከአንድ ሾፌር ጋር ሆነው ከመደርደሪያ ላይ ጎማ ያወርዱ ነበር። በሹካዎቹ ላይ የእንጨት ፓሌት አስቀመጡና ኃላፊው በፓሌቱ ላይ ቆሙ፤ ሾፌሩም ወደ 5 ሜትር ገደማ ከፍ አደረጋቸው። ጥቂት ጎማዎችን ፓሌቱ ላይ እንዳስቀመጡ ሾፌሩ ፓሌቱ መናጋቱን አየ። ኃላፊው ሚዛናቸውን ስተው በኮንክሪቱ ወለል ላይ በራሳቸው ወደቁ። ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ በሰዓት ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ፓሌት በሹካዎቹ ላይ የሚቀመጠው ሳይታሰር ነው፤ ዙሪያውን መያዣ የለውም፤ የሰው ክብደትም እንደ ዕቃ አንድ ቦታ የሚቀመጥ አይደለም፣ ሰውየው ጎማ ለመሳብ በተንጠራራ ቁጥር ክብደቱ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ከሹካው ጋር በጽኑ የሚታሰር፣ ዙሪያውን አጥር ያለው የሰው ማንሻ ቅርጫት ለዚህ ሥራ ተብሎ ይሠራል። ቅርጫቱ ከመጋዘኑ ማዶ ሲሆን፣ ፓሌቱ ግን እግር ሥር ነው። እዚህም የሞቱት ከሾፌሩ በላይ ሥልጣን ያላቸው ሰው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ሾፌሩ “አይሆንም፣ ይውረዱ” ለማለት የሚደፍረው ለማን ነው?

በአፕሪል 1995 ደግሞ አንድ የ37 ዓመት የወርክሾፕ ፎርማን 4 በመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ ላይ ወደ ኋላ እየወረዱ ሲታጠፉ ማሽናቸው ተገልብጦ ሞቱ። የያዙት ጭነት 68 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የካርቶን ክምር ነበር፤ ሹካዎቹ ግን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተነሥተው ነበር። ከሰሌዳ ድርጅቱ ፕሬዚዳንት ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ተዳፋቱ፣ መታጠፉና ከማሽኑ ሥር የመጣው ሞት አንድ ናቸው። ጭነቱ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑ ደግሞ ሹካውን ከፍ አድርጎ መሄድ ቀላል ጭነት ላይ እንኳ የክብደት ማዕከሉን ወደ ላይ እንደሚያወጣው ያስረዳል፤ ባዶው ሹካና ተሸካሚው ብረት ራሱ ክብደት አለውና።

የማን ጥፋት የሚለው ጥያቄ

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በሠራተኛው ላይ ለሚደርስ የሥራ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ በመጣስ ወይም ሰክሮ ወደ ሥራ በመግባት በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ከዚህ ውጭ ይሆናል። መርሁ ሠራተኛውን የሚጠብቅ ነው። በተግባር ሲታይ ግን ልዩ ሁኔታው የክርክሩን አቅጣጫ ይወስነዋል፤ ጉዳት በደረሰ ማግስት የሚፈለገው የመጀመሪያው ወረቀት የማሽኑ የጥገና መዝገብ ሳይሆን ሠራተኛው “መመሪያው ደርሶኛል” ብሎ የፈረመበት ይሆናል። ይህን ሥጋት በአንድ አገር ሕግ ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባም፤ ካሳ በጥፋት ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ ሁሉ ያለ ነው።

የፕሬዚዳንቱን ሞት በዚህ መነጽር ብናየው የምናገኘው መልስ ባዶ ነው። መመሪያ ጥሰዋል ብንል መመሪያውን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ዘለዋልና የራሳቸው ጥፋት ነው ብንል ቀበቶ ያልነበረውን ሰው በደመ ነፍሱ መክሰስ ይሆናል። የጥገናውን ጉድለት ብናነሣም፣ ያ ማገጃ መጎዳቱን እሳቸው ቢያውቁ ኖሮ በላዩ ይቀመጡ ነበር ብሎ ለማመን ይከብዳል። የሥልጣን ከፍታ እንኳ ከማሽኑ በታች ያለውን ብረት ለማየት አልረዳቸውም፤ የሚረዳው ሥልጣን ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ማየትን ግዴታ ያደረገ የጠዋት ሥርዓት ነው።

የጠዋት ፍተሻ በብዙ ቦታ የሚደረገው በወረቀት ነው። ሾፌሩ ፈረቃውን ሲረከብ አንድ ቅጽ ይሰጠዋል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ጥሩምባ፣ መብራት፣ ሰንሰለት፣ ሹካ፣ የዘይት ፍሰት፣ መሪ፣ ቀበቶ እያለ በየመስመሩ ምልክት ያደርጋል። ማሽኑን ሳይነካ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ የሚሞላ ሾፌር በየመጋዘኑ አይጠፋም፤ እሱን መውቀስ ቀላል ቢሆንም፣ ትናንት “መሪው ላልቷል” ብሎ የጻፈው ምንም ሳይደረግበት ዛሬ ያንኑ ማሽን የተረከበ ሰው ቅጹን በምን እምነት ይሞላዋል? መላላቱን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም፤ ማሽኑ ቆሞ መሪውን በጣት እያንቀሳቀሱ የኋላ ጎማው መቼ እንደሚነቃነቅ መመልከት በቂ ነው። የአክስሉ ማገጃ ግን ከሾፌሩ ዕለታዊ ፍተሻ ይልቅ ማሽኑ ከፍ ተደርጎ በሚታይበት የመካኒክ ጥገና ውስጥ የሚካተት ነውና፣ ሾፌሩ የሚያየውና መካኒኩ የሚያየው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ካልተለየ ሁለቱም ሌላው አይቶታል ብለው ያልፉታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተገኙት ጉድለቶች አንዱ ብቻ ቢቃና ኖሮ ውጤቱ የተለየ የመሆን ዕድል ነበረው፤ ዕድሉ ግን እኩል አይደለም። መሪው ቢጠብቅ መታጠፉ ይለዝብ ነበር። ማገጃው ቢጠገን ማሽኑ አዘንብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። ሁለቱም ሳይጠገኑ ቀበቶው ብቻ ቢኖርና ቢታሰር ደግሞ ማሽኑ መገልበጡ ባይቀርም ፕሬዚዳንቱ በመቀመጫቸው ይቀሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተቧጨረ ማሽንና ምናልባት የተሰበረ ክንድ ነው። ስለዚህ አሮጌ ፎርክሊፍት ያለው ድርጅት ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከቀበቶው ይጀምር። ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፦ ጉድለት የተጻፈበትን ማሽን ቁልፍ ነቅሎ የሚይዝ፣ እስኪጠገንም ለማንም የማይሰጥ አንድ ሰው በስሙ መመደብ። ይህ ሰው ቁልፉን ለሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ለምክትል ኃላፊውም፣ ለፕሬዚዳንቱም እንዲከለክል በጽሑፍ ሥልጣን ካልተሰጠው ግን ምደባው የይስሙላ ነው።